ክራውፎርድ መጽሐፍ ላይ የሌለ የሮማ ዲናር አገኘሁ መሰለኝ (ውይይቱ ስለረዘመ መልሶቹን ከስር ተርኬያቸዋለሁ)

ሰላም ቤተሰብ። አዲስ የሚገባ ሰው መሃል ላይ ስለ ማርትሬዛ ብር ሲወራ እያየ ግራ እየተጋባ ስለሆነ የመጀመሪያ ጥያቄዬን እንዳለ ትቼ መልሶቹን በየቁጥራቸው እኔው በራሴ አፍ ልተርካቸው ነው። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፣ ያጣመምኩበት ካለ መጥቶ ይቆጣኝ።

ጥያቄው ይሄ ነበር። ባለፈው ወር ከአንድ ሻጭ (ስሙ ይቅር) የሮማ ሪፐብሊክ ዲናር ገዛሁ። ወንጌል ላይ ያለውን ዲናር ማለቴ ነው። ያሳተመው ሉኪየስ ፓፒየስ የሚባል የገንዘብ ሹም ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ79 ዓመት። በዘውዱ በኩል ጁኖ ሶስፒታ የምትባል የሮማ አምላክ አለች፣ የፍየል ቆዳ ከነቀንዱ ራሷ ላይ ደፍታ፤ በጎፈሩ በኩል ደሞ ግሪፊን እየዘለለች፣ ያቺ የንስር ራስና ክንፍ የአንበሳ ገላ ያላት አውሬ፣ ከስሯ የሹሙ ስም። ጠርዙ ዙሪያውን እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። አሁን ነገርዬው እዚህ ጋ ነው፣ የፓፒየስ ዲናሮች በሁለቱም ፊት ትንሽ ትንሽ ምልክት አላቸው፣ የቤት ዕቃ፣ የእጅ መሣሪያ፣ እንስሳ ምናምን፣ እና የዘውዱና የጎፈሩ ምልክት ጥንድ ናቸው፣ ዝም ብሎ አይቀላቀልም። ክራውፎርድ የሚባል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው የሮማ ሪፐብሊክ ሳንቲሞች ካታሎግ መጽሐፍ ቁጥር 384 ተብሎ ተመዝግቧል፣ ከ200 በላይ ጥንድ በስዕል ተደርድሮ። የኔው ላይ ከጁኖ ራስ ኋላ ማሰሮ ነገር አለ፣ ከግሪፊኗ ጋር ደሞ መጥረቢያ። ሁለቱም ለየብቻ መጽሐፉ ላይ አሉ፣ የተጣመሩት ግን ከሌላ ከሌላ ጋር ነው። ሶስት ማታ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ ማሰሮና መጥረቢያ አንድ ላይ የለም። ሻጩም ከሳንቲሙ ጋር የላካት ትንሽ ወረቀት ላይ ክራውፎርድ ላይ የሌለ ብሎ ጽፏል፣ ዋጋውንም የሰቀለው ለዛ ነው። ታዲያ አዲስ ዓይነት አገኘሁ ማለት ነው? ለማን ነው የማሳውቀው?

እሺ፣ ወደ መልሶቹ።

መልስ 1 እና 2። አንደኛው እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሄደ። ሁለተኛው ገና ሳንቲሙ ምን እንደሆነ ሳይጣራ ስንት ትሸጠዋለህ አለ። ይሄን ሰውዬ አስታውሱት፣ ይመለሳል።

መልስ 3። እኚህ ከጀርመን የሚጽፉ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እስካሁን አልተቆጡም። መጀመሪያ ሶስት ነገር ጠየቁኝ፣ ክብደቱ ስንት ነው፣ የጠርዙ ፎቶ የታለ፣ የት ነው የተገኘው። ሶስቱንም አልጻፍኩም ነበር። ከዛ በጣም በትህትና መጽሐፍ ላይ የለም እና አይታወቅም ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አስረዱኝ። ክራውፎርድ የመዘገበው እሱ እስከዛ ጊዜ በሙዚየምና በካታሎግ ያየውን ነው፣ ከዛ ወዲህ ደሞ ብረት መፈለጊያ ማሽን መጣ፣ ኢንተርኔት መጣ፣ የፓፒየስ አዳዲስ ጥንዶችም ተገኝተዋል። ስለዚህ የአሜሪካ ኒውሚስማቲክ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበርና የብሪቲሽ ሙዚየም አብረው ያወጡትን የሪፐብሊክ ሳንቲሞች ኦንላይን ካታሎግ እንዳይ፣ ሪቻርድ ሼፈር የሚባል ሰው ለብዙ ዓመት ከጨረታ ካታሎግ እየቆረጠ በየዳዩ የለየው የፎቶ ክምችትም እዛው ማኅበር ጋ ኦንላይን እየወጣ ስለሆነ እሱንም እንዳገላብጥ፣ ቀጥሎ የቆዩ ጨረታዎችን እንድፈልግ ነገሩኝ። (ዳይ የሚሉት ማተሚያ ብረቱን ነው፣ ምስሉ ተገልብጦ የተቀረጸበትን። ከዚህ በታች ዝም ብዬ ዳይ እላለሁ።) እውነቱን ለመናገር እኔ መጽሐፉን አይቼ ነው ዘልዬ የለጠፍኩት።

መልስ 4። የንጉሠ ነገሥታቱን ዘመን የሚሰበስብ ልጅ ነው፣ በተለይ ዶሚሺያንን። የሱ ታሪክ ደስ ይላል። የዶሚሺያን ዲናሮች አብዛኛዎቹ ላይ ያለችው ሚነርቫ የምትባለው አምላክ ናት፣ አራት ዓይነት አቋቋም አላት፣ እና ጽሑፉ ውስጥ የሥልጣን ዓመቱ ቁጥርና ስንቴ አሸናፊ ተብሎ እንደታወጀ የሚናገር ቁጥር አለ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሲገጣጠሙ ሳንቲሙ በየትኛው ወራት እንደታተመ ያሳያሉ። እና አንዱ አቋቋም ከፊቱ ባለው እትም አለ፣ ከኋላው ባለው አለ፣ መሃል ላይ ግን ጎድሏል። እሱ ያንን የጎደለውን በርካሽ ዋጋ ከተደባለቀ ክምር ውስጥ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ካራዳይስና ባትሪ የሚባሉ አጥኚዎች ያደሱት የሮማ ንጉሠ ነገሥት ሳንቲሞች ካታሎግ ሁለተኛ ጥራዝ ላይ አልነበረም፣ ለተጨማሪ ዝርዝሩ ፎቶና ክብደት ልኮ ተቀበሉት። ነጥቡ፣ እንዲህ ዓይነቱ አዲስ ዓይነት መኖሩ አስቀድሞ ይጠበቅ ነበር፣ የኔ ጥንድ ግን የሚጠበቅ አይደለም፣ እንዲያውም የማይጠበቅ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ምልክት የትዳር ጓደኛ አለው። እዚህ ጋ ሆዴ ትንሽ ፈራ።

መልስ 5። ከኩዌት ነው የምትጽፈው። ዲናር ከሆነ እሷ ጋም ሞልቷል፣ የሷ ደሞ ካታሎግ ላይ አለ አለች። ሳቅን። ቃሉ ግን እውነትም ከዛው ከላቲኑ የመጣ ነው።

መልስ 6። እዚህ ጋ አየሩ ተቀየረ። ይሄ ሰው በጣም ተናዷል፣ በኔ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው። ሻጮች ካታሎግ ላይ የሌለ የሚለውን ቃል እንደ በርበሬ በሁሉም ላይ እንደሚነሰንሱት፣ ነጥብ ስትጎድል አዲስ፣ የፀጉር ሪባን ስትረዝም አዲስ እንደሚባል ዘረዘረ። የጢባርዮስን ዲናር ምሳሌ አደረገ፣ ያንን ብዙ ሰው የግብር ዲናር የሚለውን። ከ20 ዓመት በላይ ምስሉ ሳይቀየር ሊዮን ከተማ ታተመ፣ የተቀመጠችው ሴት ወንበር እግር አንዴ ጌጥ አለው አንዴ የለውም፣ እና በዚህ ብቻ ሰው ዋጋ ይጨምራል። ከዛ የባሰውን አመጣ፣ የማርክ አንቶኒ የጦር ክፍለ ጦር ዲናሮች ላይ የክፍለ ጦሩ ቁጥር አለ፣ እና ሰዎች አንድ መስመር ጭረው ቁጥሩን ከፍ በማድረግ ያልታወቀ ክፍለ ጦር ይሠራሉ፣ ከ23 በላይ ያለ ቁጥር ካየህ ኪስህን ያዝ አለ። በመጨረሻ እኔን ገልቱ ነገር አድርጎ ነው የተሰናበተው። ልክ ነው ግን አነጋገሩ አልጣመኝም።

መልስ 7። ለ6 የተሰጠ መልስ ነው እንጂ ለኔ አይደለም። ሁሉም ማጭበርበር አይደለም ይላል። የጴስኬኒየስ ኒጀርን ዲናሮች ተመልከት፣ እ.ኤ.አ. በ193 አንጾኪያ ላይ ነገሥኩ አለ፣ በ194 በሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ተሸንፎ ሞተ፣ በዛች አጭር ጊዜ የታተመው ብር ጥቂት ነው የተረፈው፣ ግን ሁሌ አዲስ ዓይነት ይወጣል፣ ጽሑፉ ሳይቀር ፊደል ይዘላል፣ ይደግማል። የሴቬረስም የምሥራቅ ዲናሮች እንደዛው፣ ኤሜሳ (የዛሬዋ ሆምስ) የሚመደቡት። ዳዩን የቀረጸው ሰው ላቲን የለመደ ስላልሆነ ይሆናል፣ እንደ ስዕል ነው የቀዳው። ከዛ ስለ ሬካ ዴቭኒያ ነገረን፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ቡልጋሪያ ውስጥ የተገኘው ክምር፣ ከ80,000 በላይ ሳንቲም ተቆጥሮ ተመዝግቦበታል፣ እስከዛሬ የዲናር ብርቅነት የሚለካው በሱ ነው፣ ያ ሁሉ ተቆጥሮ እንኳን እሱ ውስጥ የሌለ ዓይነት ዛሬም ይወጣል። እኔ ይሄን መልስ ደጋግሜ አንብቤ ተጽናናሁ። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚያነበው።

መልስ 8 እና 9። 8 የመጋዝ ጥርስ ያለው ጠርዝ ካለ ሐሰተኛ ሊሆን አይችልም አለ፣ ቆራርጠው ውስጡ ብር መሆኑን ለማሳየት ነው የሠሩት፣ የሮማ ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስም ጀርመኖች ጥርሳማውን ዲናር ይወዱ ነበር ብሎ ጽፏል አለ። የታሲተስ ነገር ልክ ነው። 9 ግን ወዲያው ያዘው፣ በመዳብ ላይ ብር የተለበጠ ጥርሳማ ዲናር በብዛት አለ፣ አጭበርባሪውም መዶሻና መቁረጫ ነበረው እኮ፣ መጀመሪያ መዳቡን ቆርጦ ከዛ ብር ይለብጠዋል። ስለዚህ ጥርሱ ምንም አይመሰክርም። 8 እስካሁን አልመለሰም።

መልስ 10 የኔ ነው። ሚዛን ተበድሬ መዘንኩት፣ 3.02 ግራም። የዛ ዘመን ዲናር 3.9 አካባቢ መሆን እንዳለበት ያኔ አላውቅም ነበር፣ ወይም አውቄ እንዳላወቀ ሆንኩ።

መልስ 11። አንድ ቃል ብቻ፣ ልባጥ። ፈረንጆቹ ፉሬ የሚሉት።

መልስ 12። ይሄ ሰው በሙያው ወርቅ አንጥረኛ ነው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል በጣም የጠቀመኝ እሱ ነው። ሳንቲሙን ሳልቧጭር ውስጡን የማውቅበትን መንገድ ነገረኝ። የውሃ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠህ ዜሮ ታደርጋለህ፣ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ብርጭቆው ሳይነካ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ታጠልቀዋለህ፣ ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። ደረቅ ክብደቱን ለዛ ታካፍለዋለህ። ንጹህ ብር 10.5 አካባቢ ይመጣል፣ መዳብ 9 አካባቢ። የአየር አረፋ እንዳይጣበቅ ውሃው ላይ አንዲት ጠብታ ሳሙና አድርግ አለኝ፣ ይሄን እናቴ ቤት ልብስ ሳጥብም አልተማርኩትም።

አደረግኩት። 0.33 አሳየ። 3.02 ለ0.33 ሲካፈል 9.15።

መልስ 13 እና 14። 13 (6ቱ ሰውዬ ነው፣ ተመልሶ መጣ) በሻይ ብርጭቆ ሳይንስ አይሠራም፣ ሚዛኑ በመቶኛ ግራም ይስታል ብሎ ቀለደ። 14 ደግሞ ረጋ ብላ ሰላችው፣ አንድ መቶኛ ወደላይ ቢስት 8.88፣ ወደታች ቢስት 9.44፣ በየትም ቢሄድ 10 አይደርስም። ስለዚህ በመሳሳቱ ውስጥም መልሱ አንድ ነው። ቆንጆ ሥራ ነበር፣ 13ም ልክ ነሽ ብሎ ተቀበለ፣ ይሄ በዚህ መድረክ ስንቴ ታይቷል?

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፣ አላለቀም።

መልስ 15። አንድ አባት ከዋሽንግተን ስለ ጠገራ ብር ጻፉ። ሐረር አባታቸው ሱቅ ነበራቸው፣ ማርትሬዛ ሲመጣ መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ይሰማሉ፣ ከዛ የንግሥቲቱን ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች በጥፍራቸው እየነኩ ይቆጥራሉ፣ ከጎደለ አይቀበሉም። ሁሉም 1780 ነው የሚለው፣ ግን ቪየና ታትሟል፣ ሮም ታትሟል፣ ለንደን ታትሟል፣ ቦምቤይ ታትሟል፣ ልዩነቱን የሚያውቀው ሉል ቆጣሪው ነው። የሳቸው አባት ዳይ የሚለውን ቃል ሳያውቁ የዳይ ጥናት ሲሠሩ ነበር ማለት ነው። ከርዕስ ወጥተናል ብለው ይቅርታ ጠየቁ፣ ማንም አልተቀየማቸውም።

መልስ 16። ከዛ በር ተከፈተ፣ አክሱም መጣ። እኛ ራሳችን እ.ኤ.አ. ከ270 አካባቢ ከእንዱቢስ ጀምሮ ወርቅም ብርም እያተምን የሮማ ላይ ምን አንጠለጠለህ ነው ነገሩ። ግን ጥሩ ነገርም ጨመረ፣ የኤርትራ ባሕር ጉዞ የሚባለው የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነጋዴ መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡ ዕቃዎች መሃል ጥቂት የሮማ ገንዘብ ይቆጥራል፣ እዛ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች መገበያያ። ስለዚህ ዲናር እኛ ባሕር ዳርቻ ሳይነካ አልቀረም።

መልስ 17 እና 18። የጠፋው ሰላም እዚህ ጋ ነው። 17 ከየት እንደወጣ የማይታወቅ ሳንቲም ገዝቶ ግኝት ማለት ነውር ነው አለች፣ ከመሬት ሲወጣ የነበረበት ማሰሮ፣ አብረውት የነበሩት፣ ጥልቀቱ፣ ሁሉም ከጠፋ በኋላ የቀረው ቅራፊ ነው፣ በኛ አገር የቅርስ አዋጅ 209/1992 እያለ ሰው የአክሱም ሳንቲም በሻንጣ ሲያወጣ ዝም ያልነው በእንደዚህ ዓይነት ጉጉት ነው። 18 ከእንግሊዝ ነው፣ በግል አለችኝ ብሎ ተቀይሞ በጣም ረጅም ጻፈ። እሱ ጋ ሕግ አለ፣ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የውድ ሀብት ሕግ፣ ከአንድ ቦታ ሁለትና ከዛ በላይ ጥንታዊ የወርቅ ወይም የብር ሳንቲም ካገኘህ ታሳውቃለህ፣ ነጠላ ከሆነም በፈቃድህ ለቅርስ ምዝገባው ታስመዘግባለህ፣ እና ብዙ አዲስ ዓይነት የተመዘገበው በነዚህ ገበሬ ማሳ ላይ በሚዞሩ ሰዎች ነው። 17 መለሰችለት፣ የተመዘገበውን ማን ጠላ፣ የኔ ጥያቄ ያልተመዘገበው ላይ ነው አለች። እኔ ሁለቱንም ሳነብ ጋሼ መጀመሪያ ቀን የት ተገኘ ብለው የጠየቁኝ ትዝ አለኝ፣ ሻጩን ጠየቅኩት፣ ከድሮ ስብስብ ነው አለኝ። የሁሉም መልስ ይሄው ነው።

መልስ 19። ጋሼ ተመለሱ፣ ሁለት ሳምንት ዝም ብለው ሲፈልጉ ነው የከረሙት። የማሰሮውን ትክክለኛ ጥንድ አንድ የጨረታ ፎቶ ላይ አገኙ፣ የመጥረቢያውን ደግሞ ሙዚየም ውስጥ። የኔን ፎቶ ላያቸው ላይ ደረቡት። የጁኖ የፍየል ቀንድ፣ የነጠብጣቡ ክብ፣ ፀጉሯ ላይ ያለች የተሰነጠቀች መስመር፣ አንድ ነው፣ የኔው ብቻ ትንሽ ደብዛዛ ሆኖ። ማለትም የጥንቱ አጭበርባሪ እውነተኛ የፓፒየስ ዲናር ይዞ ብረት ላይ ተጭኖ የዘውዱን ዳይ ሠራ፣ ከሌላ ፓፒየስ ደግሞ የጎፈሩን፣ ምልክቶቹ ጥንድ መሆናቸውን አላስተዋለም። ወይ ግድ አልሰጠውም፣ ገበያ ላይ ማን ያያል። ሁለት ሺህ ዓመት ቆይቶ አንድ የዋህ ሶስት ማታ ሊያይለት።

መልስ 20። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዱ አሁን ይሄ ለምን ይጠቅማል፣ ማሰሮ ቢሆን መጥረቢያ ቢሆን አለ። ጥያቄው ተራ አይደለም፣ 4 መለሰለት፣ ያውም በደንብ። ፓፒየስ ጋ አንድ ጥንድ ማለት በመደበኛው አንድ ጥንድ ዳይ ማለት ነው፣ ስለዚህ አዲስ እውነተኛ ጥንድ ሲገኝ ያ ሹም ስንት ብር አሳተመ የሚለው ስሌት ላይ ይጨመራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ82 ክሬፑሲየስ የሚባለው ሹም ደግሞ የጎፈሩን ዳዮች በተራ ቁጥር ቆጥሯቸዋል፣ ከ500 በላይ ይደርሳል፣ ከላይ ያልኳችሁ አጥኚው ባትሪ አንዱን ቁጥር ከአንዱ እያያያዘ ማተሚያ ቤቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ያጠናው በዚህ ነው። ክራውፎርድ በአንድ የዘውድ ዳይ 30,000 ሳንቲም ብሎ አስልቶ ነበር፣ ባትሪ ደግሞ ይሄን ቁጥር ከየት አመጣችሁት እያለ ዓመታት ተከራክሯል። ልባጥ ሳንቲም እዛ ስሌት ውስጥ ገብቶ ቢሆን ሌላ ጣጣ ነበር። ለዛ ነው መለየት ያለበት።

መልስ 21። አንዱ የመጨረሻ ተስፋ ሊሰጠኝ ሞከረ፣ ዳኪያኖች ሠርተውት ቢሆንስ አለ። የዛሬ ሩማንያ ውስጥ የሮማን ዲናር ይቀዱ ነበር፣ ቲሊሽካ ላይ እ.ኤ.አ. በ1961 14 ዳይ ተገኝቷል። ጋሼ በአንድ መስመር ዘጉት፣ የዳኪያ ቅጂ ጥሩ ብር ነው፣ 9.15 አይመጣም።

መልስ 22 የኔ፣ ማመስገኛ። ፎቶውን፣ ክብደቱን፣ የሁለቱን እናት ሳንቲሞች ሊንክ አስቀምጫለሁ፣ ሌላ ሰው ከነዚሁ ዳዮች የወጣ ልባጥ ካየ ያገናኘው። የሻጩን ወረቀት አልጣልኳትም፣ ክራውፎርድ ላይ የሌለ የምትለው ውሸት አይደለችም እኮ። ከስሯ በእርሳስ መዳብ፣ 3.02 ብዬ ጨመርኩባት።

መልስ 23። ሁለተኛው ሰውዬ ተመለሰ። አሁንስ ስንት ትሸጠዋለህ ይላል።